እያጠረ የሚኖር ቤት

ዘለዓለማዊ ነገር ኃላፊ በሆነ ነገር ውስጥ ሊያድር ይችላልን? ቢያድርስ ክብሩ አይጎድልበትምን? ይህ ጥያቄ ለሊቃውንት ጉባኤ ብቻ የተተወ ቢመስልም፥ እንጨት ቆርጦ፥ ጭቃ አቡክቶ፥ ጣራ ከድኖ ጎጆ የወጣ ሰው ሁሉ በእጁ ሥራ ያነሣው ጥያቄ ነው፤ ሰው ቤት ሲሠራ የሚበሰብሰውን ነገር ሰብስቦ የማይበሰብሰውን፥ ይኸውም ዘርንና ስምን፥ ጸሎትንና እንግዳ መቀበልን፥ ሊያኖርበት ይነሣልና። የድንጋይን ቤት የሚያደንቅ ብዙ ነው፤ ስለ ጎንደር ነገሥታት ግንብ፥ ስለ ላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት፥ ስለ አክሱም ሐውልቶች ብዙ ተጽፏል፥ ወደፊትም ይጻፋል። በእንጨትና በቀርከሃ፥ በጭቃና በሣር የተሠራው ቤት ግን ስሙ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ ድኽነትን ለማመልከት ነው። እኔ ከላይ የተነሣውን ጥያቄ ለመመርመር ከግንቡ ይልቅ የእንጨቱ ቤት የሚበልጥ መምህር ነው እላለሁ፤ ለዚህም ምስክር አድርጌ የምጠራው ከአባያ ሐይቅ በላይ ባለው ደጋ የሚገኘውን የጋሞን ሰው ቤት ነው።

አባያ ከኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ሁሉ በስፋቱ የሚበልጥ፥ ከተራሮቹ እየታጠበ በሚወርደው አፈር ውኃው ደፍርሶ ቀላ ብሎ የሚታይ ሐይቅ ነው፤ ከደቡብ ጎረቤቱ ከጫሞ የሚለየውን ቀጭን ኮረብታማ ምድር ሕዝቡ የእግዜር ድልድይ ይለዋል። በምዕራብ በኩል አርባ ምንጭ፥ ታችኛው ሰፈሯ ሲቀላ፥ ላይኛው ሰፈሯ ሸቻ ተብለው ተከፍለው፥ ከባሕር ወለል 1,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በቆላው ሙቀት ውስጥ ተቀምጣለች። ከዚያ ተነሥቶ ጠመዝማዛውን መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ያህል የወጣ መንገደኛ፥ የሙዙንና የማንጎውን አገር ከኋላው ትቶ፥ እንሰቱና ገብሱ፥ ቀርከሃውና ጉሙ ወደ በዛበት ደጋ ይገባና 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከጨንቻ ከተማ ይደርሳል። ጨንቻ በ1950ዎቹ ዓ.ም. የአስተዳደሩ መቀመጫ ወደ አርባ ምንጭ እስኪወርድ ድረስ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች። ከጋሞ ሕዝብ ወገን የሆኑት የዶርዜ ሰዎች መንደር ከጨንቻ ዝቅ ብሎ፥ በዚያው መንገድ ዳር ይገኛል።

የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ ይሠራል። ቀርከሃው ተቆርጦ፥ ተሰንጥቆና ሳስቶ ከተዘጋጀ በኋላ፥ የቆሙት ስንጥቆች ድር፥ የሚተላለፉት ስንጥቆች ማግ ሆነው፥ ይህ ግድግዳ ይህ ጣራ የሚባል ወሰን ሳይኖረው ከመሬት እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ሆኖ ይሸመናል፤ ላዩም በእንሰት ቅጠልና በቀርከሃ ልባስ ይከደናል። አዲስ የተሠራ ቤት ቁመቱ እስከ 12 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ከደጃፉ በላይ ወደ ፊት ወጣ ያለው ክፍልና ከእርሱ ከፍ ብለው የተተዉት የጭስ መውጫዎች የዝሆን ፊት ያስመስሉታል፤ የአገሩም ሰው ይህን መልክ በአካባቢው ዝሆን ይኖር ከነበረበት ከጥንቱ ዘመን ጋር ያያይዘዋል። በውስጡ ምድጃው በመሃል ሆኖ፥ ሰውና ከብት በአንድ ክዳን ሥር ክፍላቸውን ለይተው ያድራሉ፤ ከምድጃው የሚወጣው ጭስ ክዳኑን እያጠነ ከነፍሳት ይጠብቀዋል። በዋናው ቤት ዙሪያም ለእንግዳ፥ ለአዲስ ሙሽሮች፥ ለሽመና የሚሆኑ ትንንሽ ቤቶች ይሠራሉ፤ የዶርዜ ወንዶች ሸማኔዎች፥ ሴቶቹ ፈታዮች ናቸውና። እግሩን ወደ ጉድጓዱ አውርዶ፥ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ እየሰደደ ነጠላና ጋቢ የሚሠራው ሰው፥ ራሱ የተቀመጠበትም ቤት በዚያው ሥርዐት የተሸመነ መሆኑን ስናይ፥ ሥጋን የሚያለብሰው ልብስና ቤተ ሰብን የሚያለብሰው ቤት ከአንድ ዕውቀት የወጡ መሆናቸውን እንረዳለን። ለእኔ ይህ ከሕንፃው ቁመት ይልቅ የሚያስደንቅ ነገር ነው፤ በብዙ አገር ዐናጢውና ሸማኔው ሁለት ሰዎች፥ ሁለት ማኅበሮች፥ አንዳንድ ጊዜም ሁለት የማይጋቡ ወገኖች ናቸውና።

ቀርከሃ ግን መሬት ሲነካ ይበሰብሳል፥ ምስጥም ይበላዋል። ይህን የሚያውቀው የዶርዜ ሰው መሠረቱን ከድንጋይ አድርጎ ምስጡን ለመከልከል አልተነሣም፤ ቤቱን ከመጀመሪያው እጅግ ረጅም አድርጎ ሠራው። ምስጡ ከሥር ሲበላ፥ የተበላው እየተቆረጠ ይጣላል፥ ቤቱም ዝቅ ይላል፤ ደጃፉም በአዲሱ ቁመት ልክ ይስተካከላል። እንዲህ እያለ ቤቱ ሳይፈርስና ሳይታደስ፥ ዕድሜውን በቁመቱ እየከፈለ፥ ከአንድ ሰው ዘመን የሚስተካከል ጊዜ ይቆያል። መሬቱ ምስጥ ሲበዛበት ወይም ባለቤቱ ቦታ ሲለውጥ ደግሞ፥ ጎረቤቶች ተጠርተው፥ ቤቱን ከሥሩ ነቅለው፥ በትከሻቸው ተሸክመው ወደ አዲሱ ስፍራ ይወስዱታል። አባት ጎልማሳ ሆኖ የሠራው ረጅም ቤት፥ አባት ሲጎብጥ እርሱም ዝቅ ብሎ፥ የልጅ ልጆቹ ለምስክርነት ቁመቱን እያዩ የሚያድጉበት ይሆናል። በዚህ አገር የቤትን ዕድሜ ለማወቅ መዝገብ መግለጥ አያስፈልግም፤ ከደጅ ቆሞ ማየት ይበቃል።

የግሪኩ ጸሐፊ ፕሉታርክ፥ የአቴና ሰዎች የጀግናቸውን የቴሴዎስን መርከብ፥ የበሰበሰውን ሳንቃ እያወጡ በአዲስ እየተኩ ብዙ ዘመን ጠብቀው እንዳቆዩት ጽፏል፤ ፈላስፎችም ሳንቃው ሁሉ ከተለወጠ በኋላ መርከቡ ያው የቀድሞው መርከብ ነውን ወይስ ሌላ ነው እያሉ ሲከራከሩበት ኖረዋል። የዶርዜ ቤት ለዚህ ክርክር ከአቴና ያልተሰማ መልስ አለው። የቴሴዎስ መርከብ ሥጋውን ለውጦ መልኩን ጠበቀ፤ የዶርዜ ቤት ሥጋውን ጠብቆ መልኩንም ስፍራውንም ይለውጣል። በመርከቡ ላይ ቅርጹ የህላዌው ምስክር ነበረ፤ በቤቱ ላይ ግን ቅርጹ አይመሰክርም፥ የቆመበት ምድርም አይመሰክርም፥ ቁመቱም ከዓመት ዓመት አንድ አይደለም። ታዲያ ዛሬ በዚህ ኮረብታ ላይ የሚታየው አጭር ቤት ከብዙ ዓመት በፊት በዚያ ኮረብታ ላይ የነበረው ረጅም ቤት ነው የምንለው በምን ተመርኩዘን ነው? ቁሱ ስለ ቀረ ነው የሚል ሰው ከእውነት ሩቅ አይደለም፥ ዳሩ ግን ተቆርጦ የተጣለውም ቁሱ ነበረ። እኔ እንደሚመስለኝ የቤቱን አንድነት የጠበቁት በየጊዜው ከሥሩ የቆረጡትና በትከሻቸው የተሸከሙት ሰዎች ናቸው፤ ይህ የእገሌ ቤት ነው ብለው ያወቁት፥ ሲያጥር ያላፈሩበት፥ ሲጠሩ የመጡ ሰዎች። ህላዌው በእንጨቱ ውስጥ ተዘግቶ ያለ ነገር ሳይሆን፥ በእንጨቱና በሰዎቹ መካከል ያለ ግዴታ ነው።

ቤትን ተሸክሞ መሄድ ለሰሚው እንግዳ ቢመስልም ለመጻሕፍት አንባቢ እንግዳ ሊሆን አይገባውም። እስራኤል ከግብፅ ወጥተው በምድረ በዳ ሳሉ፥ በሲና የተሠራችው ደብተራ ኦሪት ከግራር እንጨት ሳንቃ፥ ከተፈተለ በፍታና ከፍየል ጠጉር መጋረጃ የተሠራች፥ ሕዝቡ ሲነሣ የምትፈታ፥ ሲያርፍ የምትተከል፥ ሌዋውያን የሚሸከሟት ማደሪያ ነበረች። ሠሪዎቿ ባስልኤልና ኤልያብ በጥበብ መንፈስ የተሞሉ መሆናቸው ሲነገር፥ ያ ጥበብ የዕንቍ ቅርጽና የእንጨት ሥራ ብቻ ሳይሆን የሸማኔውን ሥራም የሚጨምር መሆኑ፥ ሴቶቹም በእጃቸው ፈትለው ማምጣታቸው፥ በኦሪት ዘፀአት በግልጥ ተመልክቷል። እንግዲህ ሰማይና ምድር የማይወስኑት አምላክ በሰው እጅ ሥራ ማደርን በፈቀደ ጊዜ፥ አስቀድሞ የመረጠው እንጨትንና ሽመናን ነው። ንጉሥ ዳዊት እርሱ በዝግባ ቤት ተቀምጦ ታቦቱ በመጋረጃ ውስጥ መኖሩ ከንክኖት ቤት ልሥራ ባለ ጊዜ፥ በነቢዩ በናታን አፍ የመጣለት መልስ የሚያስገርም ነው፤ እግዚአብሔር ከሕዝቡ ጋር በድንኳን ሲመላለስ የዝግባ ቤት ሥሩልኝ ብሎ ያዘዘው ማንም እንደሌለ አስታወሰው። ልጁ ሰሎሞን በ7 ዓመት የሠራው ታላቅ መቅደስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ዓመት በባቢሎናውያን እጅ ሲቃጠል፥ ድንጋዩም ወርቁም አላዳነውም። ድንኳን ግን የሚያፈርሰው ጠላት ሳይሆን ተሸካሚው ነው፤ ይፈታዋል፥ ደግሞ ይተክለዋል።

ከደጋው መንደር ወጥተን ወደ ከተማው ስንገባ የምናገኘው የእንጨት ቤት ሌላ ዐይነት ነው። በጨንቻም ሆነ በአርባ ምንጭ፥ እንደ ሌሎቹ የኢትዮጵያ ከተሞች ሁሉ፥ ነጋዴውና የመንግሥት ሠራተኛው የሠራው ቤት ባለ አራት ማዕዘን የጭቃ ቤት ነው። ምስጥ እንዳይደፍረው ከጥድ ወይም ከወይራ፥ ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ገብቶ ከተስፋፋ ወዲህም አብዛኛውን ጊዜ ከእርሱ፥ ቋሚው ጉድጓድ ተቆፍሮለት ይተከላል፤ ማገሩ በውስጥም በውጭም ይመታል፤ ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተለውሶ፥ በእግር እየተረገጠና ውኃ እየጠጣ ለቀናት ከቦካ በኋላ ይመረጋል፤ ምርጉ ደርቆ ሲሰነጠቅ ልስኑ ይከተላል፥ ሲቻል ኖራ ይቀባል። ሣሩን ቆርቆሮ ከተካው ወዲህ ጣራው ጉልላቱን ትቶ በወራጅና በማገር ላይ ተንጋለለ። መንገድ ዳር የሆነ እንደ ሆነ የፊቱ ክፍል ሱቅ ይሆናል፤ በጠዋት ሳንቃው ይከፈታል፥ ባንኮኒው ይወለወላል፥ ከበረንዳው ሥር ከዝናብ የሚጠለል መንገደኛ ይቆማል፤ ከሱቁ በስተ ኋላ ደግሞ ቤተ ሰቡ የሚኖርበት ክፍልና ጓዳው አለ።

ይህ የቤት ዐይነት የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ፥ በጀርመንና በፈረንሳይ አሮጌ ከተሞች ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የተሠሩ፥ ታቻቸው ሱቅ፥ ላያቸው መኖሪያ፥ ላይኛው ፎቅ ወደ መንገዱ ወጣ ብሎ የሚያጠላ የእንጨት ቤቶች ዛሬም ቆመዋል፥ ከብዙ አገርም ተመልካች ይመጣላቸዋል። ከቋሚዎቻቸው መካከል ያለው ግድግዳ ሲገለጥ የሚገኘው ግን የተጠላለፈ ጭራሮ፥ በላዩም ከጭድ ጋር የተለወሰ ጭቃ ነው፤ የጨንቻ መራጊ ቢያየው ያለ አስተርጓሚ የሚያውቀው ሥራ ነው። የእነዚያ አገር ዐናጢዎች እንጨቱን በግቢያቸው ጠርበው፥ በየመጋጠሚያው ምልክት ቀርጸው፥ በቦታው ላይ ያንን ምልክት እየተከተሉ ይገጥሙት ስለ ነበረ፥ ቤቱ ተፈትቶ ወደ ሌላ ስፍራ ሊወሰድና እንደ ገና ሊገጠም ይችላል። በስዊድን ዋና ከተማ በስቶክሆልም በ1891 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የስካንሰን ቤተ መዘክር ከልዩ ልዩ አውራጃ የመጡ አሮጌ ቤቶችን በዚህ መንገድ ሰብስቧል። በእኛም አገር በሐረር ሕንዳዊ ነጋዴ ያሠራው፥ ዛሬ በፈረንሳዊው ባለ ቅኔ በራምቦ ስም የሚጠራው ባለ ፎቅ ቤት፥ በአዲስ አበባም በአራዳ ዙሪያ አርመኖችና ሕንዶች ከኢትዮጵያውያን ጠራቢዎች ጋር የሠሯቸው ባለ እንጨት ሰገነት ቤቶች፥ የዚሁ ወገን ናቸው።

ሱቅ ያለበት ቤት ሌላ ሐሳብ ያስነሣል፥ ባልዘገይበትም ሳልጠቅሰው ማለፍ አልወድም። እንዲህ ያለ ቤት ሁለት ፊት አለው፤ በአንዱ ለማያውቀው ሰው ሁሉ ይከፈታል፥ በሌላው ለቤተ ሰቡ ይዘጋል። ሚዛኑና የጸሎት መጽሐፉ በአንድ ግድግዳ ይለያያሉ፥ ያም ግድግዳ ከጭቃ ስለ ሆነ ድምፅ አይከለክልም፤ ልጁ በጓዳ ሆኖ አባቱ በባንኮኒው ላይ የሚምለውን መሐላ ይሰማል። በአዲስ አበባ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ በሽሮ ሜዳና በጉለሌ፥ ከጋሞ ደጋ የወጡ ሸማኔዎች ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲኖሩ፥ የጭቃው ቤት ለእነርሱ መኖሪያም፥ የሽመና ጉድጓድም፥ የሸማ መሸጫም ሆኖ አገልግሏል። ነጠላው የተሸመነበትን፥ የተሸጠበትንና ሸማኔው የተኛበትን ስፍራ አንድ ጣራ ሸፍኖታል። ከዚህ ቤት የወጣ ልብስ የታቦት መጎናጸፊያ ሆኖ መቅደስ ይገባል፥ ሙሽራም ይለብሰዋል፥ ሬሳም ይገነዝበታል።

ድንጋይ ይበልጣል የሚሉትን ሰዎች ራሱ ድንጋዩ የሚመልስላቸው ነገር አለ። በአክሱም ከቆሙትና ከወደቁት ታላላቅ ሐውልቶች መካከል፥ 33 ሜትር ርዝመት ያለውንና ወድቆ የተሰበረውን፥ ደግሞም ወደ ሮማ ተወስዶ በ1997 ዓ.ም. የተመለሰውን 24 ሜትር ያህል ቁመት ያለውን ስናይ፥ ከአንድ ወጥ ድንጋይ የተፈለፈሉት ሐውልቶች የፎቅ ቤት ሥዕል ሆነው እናገኛቸዋለን፤ በር አላቸው፥ መስኮት አላቸው፥ በየደርቡም ክብ ሆነው ወደ ውጭ ብቅ ያሉት የአግድም እንጨቶች ጫፎች፥ ጠቢባን የዝንጀሮ ራስ የሚሏቸው፥ ተቀርጸውባቸዋል። እነዚህ ሐውልቶች የመቃብር ምልክቶች ናቸው። የአክሱም ሰው ለሙታኑ የማይፈርስ ቤት ሊያቆም በፈለገ ጊዜ፥ ሌላ አምሳል ፍለጋ አልሄደም፤ በሕይወት ሳለ ይኖርበት የነበረውን በድንጋይና በእንጨት ድርብ የተሠራ ቤት በጽኑ ድንጋይ ቀረጸው። ቤቱ ራሱ ጠፍቷል፥ ሥዕሉ ግን በመቃብር ላይ ቆሞአል። የዚያ አሠራር ሕያው ምስክር በአቡነ አረጋዊ ገዳም በደብረ ዳሞ፥ በገመድ ከሚወጣበት አምባ ላይ፥ እንዲሁም በዋሻ ውስጥ በተሠራው በይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል፤ በእነዚህ ግድግዳዎች እንጨቱና ድንጋዩ ተራ በተራ ተነባብረዋል። በላሊበላም ቤተ አማኑኤል ከአለት ሲፈለፈል፥ ለመሸከም እንጨት የማያሻው አለት፥ እንጨትና ድንጋይ የተነባበረበት ግድግዳ እንዲመስል ተደርጎ ተጠርቧል። ከቶ ምን ፈልገው ነው? ቅዱስ ቤት ምን መምሰል እንዳለበት ያስተማራቸው የእንጨቱ ቤት ስለ ነበረ፥ ድንጋዩ ከእርሱ መልኩን መበደር ነበረበት። የማያልፈው ከሚያልፈው ተማረ ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም።

አንድ ብርቱ ተቃውሞ እንዳለ አውቃለሁ፥ ሊታለፍም አይገባውም። የጭቃ ቤት ውበትና ፍልስፍና የሚታየው ለማይኖርበት ሰው ነው፤ ክረምት ሲገባ ጣራው የሚያፈስበት፥ ግድግዳው የሚረጥብበት፥ ልጆቹ የሚያስሉበት ሰው ከቻለ ነገውኑ ወደ ብሎኬት ቤት ይገባል፥ ማንም ሊወቅሰው አይችልም። እውነት ነው። ነገር ግን ይህ ቤት ለምን እንዲህ እንደ ሆነ እንጠይቅ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ከወጣ ወዲህ፥ እልፍ አእላፍ የጭቃ ቤቶች የቀበሌ ቤት ሆኑ። አዋጁ ብዙ ተከራይን ከከባድ ኪራይ ማዳኑ ሊካድ አይገባም፤ ከዚያ በኋላ ግን ከቤቱ ጋር ግዴታ ያለበት ሰው ጠፋ። ባለቤት የነበረው ቤቱ የእርሱ አይደለም፤ የሚኖርበት ሰው ቢያድሰው የእርሱ አይሆንም፤ ቀበሌው ከሚሰበስበው ትንሽ ኪራይ የሚያድስበት ገንዘብ የለውም። የጭቃ ቤት በየክረምቱ ማግሥት ልስን ይፈልጋል፥ የተበላ ቋሚ መተካት ይፈልጋል፥ የጣራው ቆርቆሮ መታየት ይፈልጋል። እጅ ሲከለከል ይሞታል። ስለዚህ በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በፒያሳና በዙሪያዋ ያሉ አሮጌ ቤቶች ለአዲስ መንገድና ለአዲስ ሕንፃ ሲፈርሱ፥ ብዙዎቹ አስቀድመው የፈረሱት ከብዙ ዓመት በፊት፥ ጠጋኝ ባጡበት ቀን ነበር። ጭቃውን መክሰስ ቀላል ነው፤ እኔ የምከሰው ግን መለያየቱን ነው፥ ሰውን ከሚኖርበት ነገር ያለያየውን ሥርዐት።

በጃፓን አገር የኢሴ መቅደስ በየ20 ዓመቱ ከአዲስ እንጨት ሙሉ በሙሉ እንደ ገና ይሠራል፤ በ2013 እ.ኤ.አ. የተሠራው 62ኛው ነበር። የዚያ አገር ሰዎች መቅደሱ ጥንታዊ ነው ሲሉ እንጨቱን ማለታቸው አይደለም፤ እያንዳንዱ ዐናጢ ወጣት ሆኖ ረድቶ፥ ጎልምሶ ሠርቶ፥ አርጅቶ የሚያስተምርበት የሥራ ሰንሰለት አልተቋረጠም ማለታቸው ነው። በእኛም ቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ይህ ሐሳብ ከጥንት የታወቀ ነው። ቤተ ክርስቲያንን የሚቀድሰው በመቅደሱ ውስጥ የሚያድረው ታቦት ስለ ሆነ፥ ቅኔ ማኅሌቱና ቅድስቱ ሲያረጅ ይፈርሳል፥ የሣሩ ክዳን በቆርቆሮ ይለወጣል፥ የጭቃው በድንጋይ ይተካል፥ ታቦቱ በመቃኞ ይቆይና በአዲሱ ይገባል፤ ምእመናንም ሲሳለሙት ያንኑ ደብር ነው የሚሳለሙት። አክሱም ጽዮን ስንት ጊዜ ፈርሳ ስንት ጊዜ ተሠራች! ዛሬ የምናያት አሮጌዋ ቤተ ክርስቲያን በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን የታነጸች ስትሆን፥ ስሟና ክብሯ ግን ከእርሱ ዘመን እጅግ ይቀድማል።

ጋሞዎች ከዚህም አልፈው ይሄዳሉ፤ ከሁሉ የሚበልጠው የሕዝባቸው ተቋም ምንም ቤት የለውምና። ሽማግሌዎች ተሰብስበው የሚመክሩበት፥ የሚፈርዱበትና የሚያስታርቁበት ዱቡሻ የሚባለው ስፍራ የተከበረ ሜዳ ነው፤ ግድግዳ የለውም፥ ጣራ የለውም፥ ምስጥ የሚበላው ነገር የለውም። መስከረም 2011 ዓ.ም.፥ በአዲስ አበባ አቅራቢያ በቡራዩ በጋሞ ተወላጆች ላይ ከደረሰው ግፍ በኋላ በአርባ ምንጭ ወጣቶች በቍጣ ለበቀል ሲነሡ፥ የአገር ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ከፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። በዚያ ሰዓት የከተማውን ቤቶችና ሱቆች ከእሳት ያዳነው ቅጥራቸው አልነበረም። የተነቀለ ሣር በቀትር ፀሓይ ስንት ሰዓት ይቆያል? ሥልጣኑ ግን ከሣሩ ጋር አልደረቀም፥ ከአባቶች የተቀበሉት ቃል በእርሱ ላይ አድሮ ነበርና።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ መመለስ ይቻላል። የእኛ ሃይማኖት ለዚህ ጥያቄ የሰጠው ታላቅ መልስ ምሥጢረ ሥጋዌ ነው። ቃል ሥጋን በተዋሐደ ጊዜ የማይራብና የማይደክም፥ የማይቆስል ሥጋ አልመረጠም፤ የሚራበውን፥ የሚደክመውን፥ በሠላሳ ዓመቱ ከዐናጢ ቤት ወጥቶ የሚያስተምረውን ሥጋ ነሣ፥ በዚህም ክብሩ አልጎደለበትም። ረቂቁ በግዙፉ ማደሩ ውርደት ነው የሚሉ መናፍቃን ቀድሞም ነበሩ፤ አበው ያወገዟቸውም ነገሩ የቃላት ክርክር ስላልነበረ ነው፤ የሚያልፈውን ሁሉ የሚንቅ ሰው መጨረሻው ሰውን ራሱን መናቅ ነውና። ስለዚህ ቀርከሃውና ጭቃው ኃላፊ መሆናቸው ለቅድስና ማደሪያነት አያሳፍራቸውም። የሚያሳፍረው የሚጠግን እጅ ማጣት፥ ሲጠሩ የማይመጡ ጎረቤቶች መሆን ነው።

ይህም ከሐሳብ ወርዶ በምድር ላይ የሚታይ ነገር ነው። ዛሬ በዶርዜ ብዙ ወጣቶች የሚሠሩት ባለ ቆርቆሮ ቤት ነው፤ ሽመናውን ይዘው ወደ ከተማ የሚወጡትም ብዙ ናቸው፥ የቀርከሃውን ቤት የሚሸምኑ ጠቢባንም እያረጁ ነው። ጎብኚ እንዲያየው ሁለትና ሦስት ቤት አቁሞ ማኖር መልካም ቢሆንም፥ ያ ቤት ሲያጥር የሚቆርጠውና ሲነሣ የሚሸከመው ሰው ከሌለ፥ ከቴሴዎስ መርከብም ያነሰ፥ ያለ ተሳፋሪ የቆመ ነገር ይሆናል። ቀርከሃ ለቤት የሚጠነክረው ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ሲሞላው ነው፤ ስለዚህ ቤት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ቀርከሃ የተከለ ወይም ቀርከሃ ያለው ጎረቤት ያለው ሊሆን ይገባል፤ ቀርከሃውም መሬት ይፈልጋል። በጋሞ ደጋ ሕዝቡ ብዙ፥ የአባት መሬት ለልጆች ሲከፈል የሚደርሰው ቁራሽ ትንሽ ስለ ሆነ፥ ገብሱና ድንቹ፥ እንሰቱና አትክልቱ ከቀርከሃው ጋር በአንድ ጓሮ ይሻማሉ። የዶርዜን ቤት ለመጠበቅ የሚመክሩ ሰዎች፥ የባህል ቢሮም ሆነ የአርባ ምንጭ ሊቃውንት፥ የቤቱን ቁመትና ስፋት ከመለካታቸው በፊት በዚህ ጓሮ ዳር ከባለቤቱ ጋር ተቀምጠው፥ ከገብሱና ከቀርከሃው የትኛው እንደሚቀር፥ ለምንስ እንደሚቀር፥ ሊጠይቁት ይገባቸዋል።